የኔታ ልየው ፊታቸውን እስኪታጠቡ

የኔታ ልየው ማረፋቸውን የነገረኝ የግቢው ጥበቃ ነው። ጠዋት ቦርሳዬን እየፈተሸ፣ የምሳ ዕቃዬን ከፍቶ አይቶ እየዘጋ፣ «የኔታ አረፉ፤ ትናንት ጢስ ዓባይ ቀበሯቸው» አለኝ።

«ሂድ ወዲያ!» አልሁት።

«ምን ሂድ ወዲያ አለው? በሞተ ሰው እዋሻለሁ?» ብሎ ተቆጣኝ።

ወደ ጥገና ክፍላችን ገባሁና ከሁለቱ አምፖሎች አንዱን አበራሁ። ሁለቱንም እንዳላበራ የሚከለክለኝ ሰው ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እሳቸው ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ማለት ነው። ቢሆንም አንድ ቀን ሁለቱን አብርቼ አላውቅም። ወንበራቸው ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ከዚያ የሬጅስትራሯ ፕሪንተር ወረቀት ነከሰ ተባለና ተነሣሁ።

ለማያውቋቸው ልንገር። የኔታ ልየው ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። «የኔታ» ያልናቸው በልጅነታቸው ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ዜማ ስለተማሩ ነው። ኮምፒውተር የጀመሩት ጎልማሳ ሆነው ነበር። ያገለግሉበት ለነበረው ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት አንድ ሰው አሮጌ ኮምፒውተር ይሰጣል፤ የሚነካው ይጠፋል፤ እሳቸው ነኩት። ታሪኩ ይኸው ነው። እንዲያብራሩ ስጠይቃቸው «ነካሁት፣ ሠራ» ብለው ጨረሱ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። በዚያ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ካፖርት ይለብሱ ነበር። «የኔታ፣ አይሞቅዎትም?» ስላቸው፣ «ብርድ ሲመጣ ካፖርት ፍለጋ ልሂድ?» አሉኝ።

ቁጠባ ደማቸው ውስጥ ነበር። ወረቀት አራት ቦታ ቀደው አራቱንም በሁለት ገጽ ይጽፉባቸዋል። ስልክ ሲደውሉ «ደኅና ነሽ? ደኅና ነኝ። ይበቃል» ብለው ይዘጋሉ። ቃልም እንደዚያው ነው። እኔ ደግሞ የዱርቤቴ ልጅ ነኝ፤ አንዴ ከጀመርሁ ትንፋሽ አልወስድም። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ያስቀመጣቸው ሰው ምን ቂም እንደነበረበት እግዜር ይወቀው።

ምሳ ከበሉ በኋላ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ሩብ ሰዓት ይተኛሉ። ሲነቁ ማንንም አያናግሩም። ይነሣሉ፣ ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ወዳለው ቧንቧ ይሄዳሉ፣ ፊታቸውን ይታጠባሉ፣ በመሐረብ ያደርቃሉ፣ መሐረቡን አራት እጥፍ ያጥፋሉ፣ ተመልሰው ይቀመጡና «እህ፣ ምን አልሽ?» ይላሉ። ከዚያ በፊት ኮሌጁ ቢቃጠል መልስ የለም። አንድ ቀን ዲኑ ራሱ እየጠየቃቸው እስከ ቧንቧው ድረስ ተከተላቸው። የኔታ ታጠቡ፣ አደረቁ፣ አጠፉ። ዲኑም ቆሞ ጠበቀ።

«ለምንድን ነው ግን?» አልኋቸው።

«ከእንቅልፍ የተነሣ ሰው ግማሹ ገና እዚያው ነው» አሉ። «ግማሽ ሰው ጠይቀሽ ምን ልታገኚ?»

ሌላው ልማዳቸው ከቤተ ክህነት ትምህርት ይዘውት የመጡት ነው። እዚያ ተማሪ የትናንቱን ትምህርት በቃሉ ሳያሰማ የዛሬውን አይቀበልም አሉ። እኔም ጠዋት ስገባ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ «ትናንት ምን ሞከርሽ? ምን ሆነ?» እባላለሁ። ቆሜ አሰማለሁ። አንድ ነገር ከዘለልሁ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። አራት ዓመት በዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ ጋውን ለብሼ ፎቶ ተነሥቼ፣ እንደ ሕፃን ቆሜ አሰማለሁ! በንዴት ጥርሴን ነክሼ ነበር የማሰማው።

አሁን ወደ ላፕቶፖቹ።

ኮሌጁ ለመምህራን ሠላሳ ላፕቶፕ ገዛ። እኔ ያን ጊዜ የሦስት ወር የሙከራ ቅጥር ላይ ነበርሁ፤ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። የኔታ በአንድ ማሽን ላይ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተሩን ዋና ፕሮግራም ጭነው፣ ሁሉን አስተካክለው ዋና ቅጂ አዘጋጁ። ያን ቅጂ በሠላሳዎቹ ላይ መጫን የእኔ ሥራ ነበር። ከመጀመሬ በፊት ጠሩኝና፣ «የጻፍሁትን ማስተካከያ ሁሉ አንብቢ። እኔ ቁጠባ ይበዛብኛል፤ የበዛ ነገር ካየሽ ንገሪኝ» አሉኝ።

በማግስቱ «አነበብሽው?» አሉኝ።

«አዎ» አልሁ።

አላነበብሁትም። ረጅም ነበር፤ እኔም ቸኩዬ ነበር፤ ደግሞ አንድ የዜማ ተማሪ የጻፈውን እኔ ምን ልጨምርበት ብዬ ናቅሁት ይሁን አከበርሁት አሁንም አላውቅም። ሠላሳውንም በሦስት ቀን ጭኜ አደልሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ጩኸት መጣ። ላፕቶፕ ክዳኑ ሲዘጋ ይተኛል፣ ሲከፈት ይነቃል። የእኛዎቹም ይነቁ ነበር፤ ዋይፋያቸው ግን አብሮ አይነቃም። መምህሩ ክዳኑን ዘግቶ ክፍል ይሄዳል፣ ተማሪ ፊት ይከፍተዋል፣ ኢንተርኔት የለም። አጥፍቶ ካላስነሣው በቀር አይመለስም። የእንግሊዝኛ መምህሯ ላፕቶፕዋን እንደ ታመመ ልጅ ታቅፋ መጣች። እኔ ቻርጀር ሰክቼ፣ ክዳኑን ዘግቼ ከፈትሁት፤ ዋይፋዩ ይሠራል። «ይኸው» አልኋት። ወደ ቢሮዋ ወጣች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሳ መጣች። እንደገና ሰክቼ ሞከርሁት፤ ይሠራል። በሦስተኛው፣ «ይኸ ነገር እናንተን ሲያይ ነው የሚድነው? አንዳችሁ አብራችሁኝ ክፍል ግቡ!» ብላ ጮኸችብኝ።

የክፍላችን ኃላፊ አቶ ካሳሁን፣ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ፣ ክፉ ያልሆነ ግን ከላይ ሲነግሩት የሚደነግጥ ሰው ነው። ጠራኝና «ሠላሳውንም የጫንሽው አንቺ ነሽ። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ የሙከራ ጊዜሽ እዚህ ላይ ያበቃል» አለኝ። ዕለቱ ሰኞ ነበር። እናቴ «ልጄ ባሕር ዳር በኮምፒውተር ተቀጠረች» ብላ ለዱርቤቴ ሕዝብ በሙሉ ተናግራ ጨርሳለች። በሦስት ሳምንቴ ሻንጣ ይዤ ከአውቶቡስ ስወርድ ታየኝ።

ያን ቀን ያላደረግሁት የለም። አዲስ ድራይቨር ጫንሁ፤ ድራይቨር ማለት ኮምፒውተሩን ከዋይፋይ ካርዱ ጋር የሚያነጋግረው ትንሹ ፕሮግራም ነው። ሌላም ሌላም ቀያየርሁ፤ በአንድ ላይ ዘጠኝ ነገር። ከዚያ ከፈትሁት፤ ሠራ። «እልል!» ብዬ ተነሣሁ።

የኔታ ቀና አሉ። «ምኑ አዳነው?»

«እንጃ።»

«እንግዲያው አልዳነም» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እውነትም ከሰዓት መምህሯ ክፍል ገብታ ስትከፍተው እንደገና ጠፋ። የነካካሁትን ሁሉ አስመለሱኝ። ከዚያ አንዷን ቁራጭ ወረቀት ሰጡኝና «አንድ ነገር ለውጪ፣ አንዴ ዝጊ፣ አንዴ ክፈቺ፣ ጻፊ» አሉኝ። ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ምሳ ስዘጋና ስከፍት ቆየሁ። በእኛ ክፍል አንዴም አልጠፋም። እኔ ላለቅስ ደርሻለሁ፤ እሳቸው ወረቀቱን ተቀብለው ሁለቱንም ገጽ አዩ። ምሳቸውን በሉ፣ ተኙ፣ ነቁ፣ ታጠቡ፣ መጡ።

«የእኛን ጠረጴዛና የመምህሯን ጠረጴዛ ምን ይለየዋል?» አሉኝ።

«የእሷ ንጹሕ ነው።»

«ሌላ?»

አየሁት። የእኛ ጠረጴዛ ከዳር እስከ ዳር ሶኬት ነው። ማሽን ሲመጣ እጃችን መጀመሪያ የሚሠራው ነገር ቻርጀር መሰካት ነው። መብራት እንኳ ቢሄድ ለእኛ ክፍል ጄኔሬተር ይነሣል። መምህራኑ ግን ክፍል ለክፍል በባትሪ ነው የሚዞሩት። እኛ ጤነኛ አድርገን ነበር የምንመረምረው።

«ቻርጀሩን ተይው» አሉ የኔታ፤ ካፖርታቸውን ቆለፉና ላፕቶፑን ይዘን ወጣን።

ከኮሌጁ ጀርባ ሐይቁ ዳር ዋርካ አለ። ሥሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከእኔ ስልክ ኢንተርኔት አገናኘነው፣ ክዳኑን ዘጋነው፣ የኔታ የእጅ ሰዓታቸውን አወለቁና ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ጀመርን። ዝም ብሎ ላፕቶፕ ማየት ከባድ ነው። አንድ ጀልባ ነጂ ሞተሩን ፈታቶ ይጠግን ነበር፤ ሲያየን ቆየና ወደ እኛ መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ የኔታ። ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ተኝቷል» አሉ የኔታ።

«ከዚያስ?»

«እንቀሰቅሰዋለን።»

ጀልባ ነጂው አሰብ አደረገ። «ታዲያ ምን ሊሆን አስተኛችሁት?»

«እኔም ይኸንኑ ነው የምለው!» አልሁ። የኔታ አልሳቁም።

ሦስት ጊዜ አስተኛነው፤ ሦስቱንም ዋይፋዩ ሳይነቃ ቀረ። በሕይወቴ አንድ ነገር ባለመሥራቱ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ማሽኑ ሲነቃ የሆነውን ሁሉ በሰዓት በሰከንድ የሚጽፍበት መዝገብ አለው። የኔታ መነጽራቸውን አደረጉና ጮክ ብለው አነበቡልኝ፤ ንባባቸው ትንሽ ዜማ ነበረው። ድራይቨሩ ካርዱን ጠራው፤ አልመለሰም። ጠራው፤ አልመለሰም። ሞቷል ብሎ ጻፈ፤ ተወው።

«በስንት ሰከንድ?» አሉ።

«በሁለት።»

«በሁለት ሰከንድ!» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። ተቆጥተው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። «ፊቱን ሳይታጠብ! እኔንስ በሁለት ሰከንድ ብትጠሪኝ ሞተዋል ብለሽ ልትጽፊ ነው?»

«ግን እኮ በቻርጀር ጊዜ ወዲያው ነው የሚመልሰው» አልሁ። «በባትሪ ሲሆን ለምን ይኸን ያህል እንቅልፍ ይከብደዋል?»

ያን ለማወቅ ማስተካከያዎቹን አንድ በአንድ ከፈትን። ስድስተኛው ላይ አገኘነው። ማሽኑ በባትሪ ሲሆን ዋይፋይ ካርዱ እስከ መጨረሻው ጥልቅ እንቅልፍ እንዲወርድ የሚያዝ አንዲት መስመር ናት። ከላይዋ በአማርኛ «ባትሪ ለመቆጠብ። ልየው» ተብሎ ተጽፏል።

እሳቸው ወደ ሐይቁ ያያሉ። እኔ ወደ መስመሯ አያለሁ። ልክ «የበዛ ነገር ካየሽ ንገሪኝ» ያሉኝ ነገር ነበረች፤ ፋይሉን ብከፍተው ኖሮ በአምስት ደቂቃ እደርስባት ነበር። ጆሮዬ ጋለ። አሁን ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ይበቃል ለዛሬ» አሉና የእጅ ሰዓታቸውን አሰሩ።

ረቡዕና ሐሙስ ሠላሳውንም ሰበሰብን። ካርዱ በባትሪም ጊዜ ጥልቅ እንቅልፍ እንዳይገባ አደረግን። ለጥንቃቄ ደግሞ ማሽኑ ሲነቃ ድራይቨሩ አምስት ሰከንድ ታግሦ እንዲነሣ አጭር ትእዛዝ ጻፍን። «አንድ ሰከንድ አይበቃም?» ብላቸው፣ «አምስት ስጪው። መሐረቡንም ይጠፍ» አሉ። በእሳቸው ቁጠባ ይኸ ትልቅ ልግስና ነው። ሠላሳውንም በባትሪ አስተኝተን አነቃን፤ ሠላሳውም ነቁ። የእንግሊዝኛ መምህሯ ዓርብ ጠዋት መጥታ ሳመችኝ።

የኔታ አንዲት ቁራጭ ወረቀት በሁለት ገጽ ጽፈው ወደ አቶ ካሳሁን ቢሮ ወጡ። ሪፖርት ነው አሉኝ። ወረቀቷን አላሳዩኝም፤ እኔም ደፍሬ አልጠየቅሁም። ከሰዓት በኋላ አቶ ካሳሁን ጠራኝና ሥራዬን እንድቀጥል ነገረኝ፤ የሙከራ ጊዜዬ ሲሞላም የቋሚነት ደብዳቤ ሰጠኝ።

በዚያው ዓመት የኔታ ጡረታቸው ደረሰ። በኮንትራት እንዲቀጥሉ አስቀድመው ጠይቀው ነበር፤ ሁላችንም ይቀጥላሉ ብለን ነበር። ሳይራዘም ቀረ። «ለምን?» ብላቸው «ይበቃል» አሉኝ። ራሳቸው የተዉት መሰለኝ።

በመጨረሻው ቀን ልነግራቸው ቆርጬ ነበር። «የኔታ፣ ያን ጊዜ አንብቤዋለሁ ያልሁት ውሸት ነው» ልላቸው በቃሌ አጥንቼ መጣሁ። ምሳ በሉ። ተኙ። ነቁ። ካፖርታቸውን ደርበው ወደ ቧንቧው ወጡ። በመስኮት አያቸዋለሁ፤ ታጠቡ፣ አደረቁ፣ አጠፉ። እኔ ቆሜ «እህ፣ ምን አልሽ?» እስኪሉኝ እጠብቃለሁ። እሳቸው ግን ከቧንቧው ቀጥ ብለው ወደ በሩ ሄዱ። ጥበቃውን ጨበጡት፣ ወጡ። አልተመለሱም።

ተናደድሁ። ደኅና ሁኚ እንኳ ሳይሉኝ! ወደ ትውልድ ቦታቸው ወደ ጢስ ዓባይ ገቡ ሲባል ሰማሁ። ጢስ ዓባይ ሩቅ አይደለም፤ ሚኒባስ ሞልቶ ይሄዳል። አልሄድሁም። በበዓል እደውልላቸዋለሁ፤ ደኅና ነሽ፣ ደኅና ነኝ፣ ይበቃል። በስልክ የሚነገር ነገር አልነበረም፤ ለመነገርም ጊዜ አይሰጡም። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። አሁን ሳስበው በራሴ አፍራለሁ።

ለሠልስታቸው የኮሌጁ መኪና ወሰደን። ድንኳኑ ሥር አግዳሚው ላይ አቶ ካሳሁን አጠገቤ ተቀመጠ። ንፍሮ እየበላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያቺን ሪፖርታቸውን አሳይተውሽ ነበር?» አለኝ።

«አላሳዩኝም።»

«‹ስሕተቱ የእኔ ነው› ብለው ነው የጻፏት። እኔም ‹እሺ፣ እሷስ ሳታየው እንዴት ሠላሳ ማሽን ላይ ጫነችው?› አልኳቸው። ‹አላሳየኋትም› አሉኝ።»

የያዝሁትን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለስሁ።

«ከላይ ተጠያቂው ማነው እያሉ ይጨቀጭቁኝ ነበር» አለ። «‹የኔታ፣ የኮንትራት ጥያቄዎ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ሪፖርቱን ጥፋተኛው እርስዎ ነዎት ብዬ ከላክኩት አይፈቅዱልዎትም› አልኳቸው። ወረቀቷን ወስደው ስማቸውን ከሥር አስምረው መለሱልኝ። ላንቺ እንዳልነግርሽም አስማሉኝ። ‹ከሰማች ዝም አትልም› አሉ።»

የኔታ ልየው ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። ቃል የሚቆጥብ ሰው ለውሸት የሚያባክነው የለውም። ያቺን አንዲት ቃል ለእኔ አወጧት፤ ሥራቸውን ይዛባቸው ሄደች፤ እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ አኩርፌያቸው ተቀመጥሁ። ድምፄን ለቅቄ አለቀስሁ። ሴቶቹ «ልጃቸው ናት እንዴ?» ተባባሉ። እንደዚያ ያለቀስሁት ለይስሙላ አይደለም፤ ለራሴ ነበር።

ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ከተቀመጡበት ተነሡ። አጭር፣ ጠንካራ ሴት ናቸው። እጄን ይዘው ከድንኳኑ አወጡኝና ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። በጆግ ውኃ አመጡ።

«እትዬ፣ እኔ አንድ ነገር...»

«መጀመሪያ ታጠቢ» አሉኝ።

«አይ፣ አሁን ካልነገርሁዎት...»

«ታጠቢ።»

ጎንበስ አልሁ፣ አፈሰሱልኝ። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር። ሦስቴ ታጠብሁ፣ በነጠላዬ አደረቅሁ። እሳቸው ጆጉን አስቀመጡ፣ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ መቀነታቸውን አስተካከሉ።

«እህ፣ ምን አልሽ?» አሉኝ።

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። «አላነበብሁትም ነበር» አልሁ። የቱን ማለቴ እንደሆነ እንኳ አልተናገርሁም።

«ነግረውኛል» አሉ እትዬ ዘውዴ። «ያን ዕለት ከሐይቁ ዳር ውለው ሲገቡ፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ ‹ልጅቱ ሳታነበው ነው አንብቤዋለሁ ያለችኝ› አሉኝ።»

«ተቆጡ?»

«ቁጣስ የለም። ‹እኔም በእሷ ዕድሜ ሳላጠና አጥንቻለሁ ብያለሁ፤ መምህሬ ዝም አሉኝ› አሉ። ከዚያ ራታቸውን በሉ።»

ከድንኳኑ በኩል ሰው ጠራቸው። ተነሡ፤ ጆጉን አነሡ፤ ሁለት እርምጃ ሄደው ዞር አሉ።

«አሁንስ ታነቢያለሽ?» አሉኝ።

«አዎ» አልሁ። ይኸኛው እውነት ነው።